የምሽት ቤት በር ጠባቂም አስተናጋጅ ነው

ቅዳሜ ማታ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በቦሌ መንገድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚያቀና ሰው፣ ከግራና ከቀኝ የሚሰማውን ዘፈንና የሚንቦገቦገውን መብራት ሲያይ አዲስ አበባ በሌሊትም ሥራ የማትፈታ ከተማ መሆኗን ይረዳል። ቡና ቤቱ፣ የጭፈራ ቤቱ፣ እስክስታ እያሳየ የባህል ምግብ የሚያቀርበው አዳራሽ፣ ሁሉም በየፊናው ብዙ ሰው የሚተዳደርበት የሥራ ቦታ ነው። ሙዚቀኛው፣ አስተናጋጁ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ሒሳብ ተቀባይዋ እያንዳንዳቸው የታወቀ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን እንግዳው ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው፣ ሲወጣም ከሁሉ በኋላ የሚያየው ከእነዚህ አንዱን አይደለም፤ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ነው። ይህን ሰው አንዳንዱ ዘበኛ፣ አንዳንዱ ጥበቃ፣ ወጣቶቹ ደግሞ ከእንግሊዝኛ በመጣ ቃል ባውንሰር ይሉታል። ዛሬ ልንነጋገር የፈለግነው ስለዚሁ ሰው ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት የአንድ ባልደረባችን እኅት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ፈጽማ ስለ ተመረቀች፣ ደስታዋን ለመካፈል አምስት ሆነን ወደ አንድ የታወቀ የጭፈራ ቤት ሄድን። የቤቱን ስም አናነሣም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። በሩ ላይ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ፣ ትከሻው ሰፊ የሆነ ወጣት ቆሟል። ከመካከላችን በዕድሜ የገፋውን ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ተመለከተና «አንተ፣ በዚህ ጫማ አይገባም» አለው። ተመራቂዋንም «ከማን ጋር ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። በዚህ ስንከራከር ቁምጣ የለበሰና ነጠላ ጫማ ያደረገ አንድ የውጭ አገር ሰው መጣ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት፣ ፈገግታም ተጨመረለት። ባልደረባችን «እሱስ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ቃል አልነበረም፤ በመዳፉ ደረቱን ገፋ አደረገው። ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልቆሰለም፤ ፖሊስ ዘንድ የሚያደርስ ነገርም አልነበረም። ሆኖም ያቺ ልጅ ብዙ ዓመት የደከመችበትን ቀን ዛሬ የምታስታውሰው በዚያች ግፊያ ነው። እኛም ለዚያ ምሽት ያዘጋጀነውን ገንዘብ ይዘን ሌላ ቤት ሄድን።

በሳምንቱ አንዳችን በቀን በዚያ ሲያልፍ ያንኑ ወጣት ግንብ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘውና ጨዋታ ጀመረ። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ከገጠር ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቀድሞ በሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ይሸከም ነበር። የቤቱ ባለቤት ትከሻውን አይቶ ቀጠረው። ምን ተምረህ ሥራ ጀመርክ ተብሎ ቢጠየቅ እየሳቀ የመለሰው ይህን ነው፦ «ሸሚዙን ሰጡኝና፣ የማይመስልህን ሰው አታስገባ አሉኝ።»

የማይመስልህን ሰው አታስገባ! ትምህርቱ ሁሉ ይኸው ነው። ምን የማይመስል? ማንን የማይመስል? ሲሚንቶ ሲሸከም የኖረ ልጅ፣ እሱ ራሱ ገብቶበት በማያውቀው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ እንግዳ የሚመስለውንና የማይመስለውን በቅጽበት እንዲለይ ይጠየቃል። ሌላ መለያ ስላልተሰጠው በጫማና በቆዳ ቀለም ይፈርዳል፤ የሚናገረው ቃል ስላልተሰጠው በእጁ ይናገራል። ስለዚህ ወቀሳችን ከልጁ ይልቅ ሸሚዙን በሰጡት ሰዎች ላይ ያርፋል።

የዚያው ቤት አስተናጋጅ ግን ትሪ እንዴት እንደሚያዝ፣ ብርጭቆ በየትኛው ወገን እንደሚቀመጥ፣ ሒሳብ እንዴት እንደሚቀርብ ተምሯል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ከቀድሞ ስሙ ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በእንግዳ አቀባበል፣ በምግብና በመጠጥ መስተንግዶ፣ በምግብ ዝግጅት ብዙ ሰው አሠልጥኖ አውጥቷል። ባለቤቱም ለአስተናጋጁ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ለበረኛው ግን የሚጠየቀው ዋስና ቁመት ነው።

በአገራችን በር ላይ መቆም ሁልጊዜ እንዲህ የተናቀ ሥራ አልነበረም። በቤተ መንግሥትና በመሳፍንት ግቢ አጋፋሪ የሚባል ሹም ነበር። ግብር በሚበላበት ቀን እንግዶቹን በየማዕርጋቸው የሚያስገባ፣ ቦታ የሚያሲዝ፣ የመጀመሪያው ተራ በልቶ ሲነሣ ቀጣዩን የሚጠራ፣ ግፊያ ሲነሣም የሚያበርድ እሱ ነው። እልፍኝ አስከልካይ የተባለውም፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ መከልከል ዋና ሥራው ነበር፤ ይሁን እንጂ ማን መቼ ወደ ጌታው እንደሚቀርብ የሚያውቅ፣ ባለጉዳዩን በወግ አነጋግሮ በወግ የሚመልስ ሰው እንጂ ጡንቻው ታይቶ የተቀጠረ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ የአጋፋሪው እጅ ከዱላ የራቀ አልነበረም፤ በማዕርግ እያበላለጡ ማስገባቱም ለዘመናችን አይሆንም። ያንን ሥርዓት ለመመለስ የሚመኝ የለም። እኛ የምንለው፣ በዚያን ጊዜ በር መጠበቅ ሰው የሚያውቁበት፣ አንደበት የሚያርሙበት የዕውቀት ሥራ ሆኖ ይቆጠር ነበር ነው። ዛሬ ግን ዘበኛ ለሚያስፈልገው መጋዘንና አጋፋሪ ለሚያስፈልገው አዳራሽ አንድ ዓይነት ሰው በአንድ ዓይነት መመሪያ እናቆማለን። የመጋዘኑ ዘበኛ የሚጠብቀው ዕቃ ስለ ሆነ ከሰው ሁሉ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የጭፈራ ቤቱ በረኛ የሚጠብቀው ግን ሰው ነው፤ የሚጠብቃቸውም እነዚያው የሚጠረጥራቸው ሰዎች ናቸው።

ነገሩ የጨዋነት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአጭሩ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን የሰው ሕይወት አለበት። ለዚህም ከውጭ አገር ሦስት ሌሊቶችን እንጥቀስ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ፣ በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2003፣ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በነበረ ኢ-ቱ በተባለ የጭፈራ ቤት ውስጥ ጠብ ተነሣ። የቤቱ ጠባቂዎች ጠበኞቹን ለመለየት ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል የበርበሬ ፈሳሽ ረጩ። አየሩ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነበርና ፈሳሹ ጠበኞቹን ብቻ መርጦ አልነካም። ምን እንደ መጣ ያላወቀው ሕዝብ በጠባቡ ደረጃ ወደ ታች ሲተም እርስ በርሱ ተረጋገጠ፤ 21 ሰዎች ታፍነው ሞቱ። ጠቡ ራሱ ማንንም አልገደለም። የገደለው ማገላገያው ያስነሣው ድንጋጤ ነው።

ሁለተኛው በብራዚል ነው። በሳንታ ማሪያ ከተማ በጃንዩዋሪ 27 ቀን 2013 ኪስ በተባለ የጭፈራ ቤት፣ ሙዚቀኞቹ ለማድመቂያ የለኮሱት ርችት የጣሪያውን ስፖንጅ አቀጣጠለውና መርዛማ ጭስ ቤቱን ሞላው። መውጫው አንድ ነበር። ከአደጋው የተረፉት እንደ መሰከሩት፣ በር ላይ የነበሩት ጠባቂዎች እሳት መነሣቱን ስላላወቁ፣ የሚሮጠው ሕዝብ ሒሳብ ሳይከፍል የሚያመልጥ መስሏቸው ለጥቂት ጊዜ አገዱት። በዚያ ሌሊት 242 ሰዎች አለቁ፤ የሚበዙትም ተማሪዎች ነበሩ። እነዚያ ጠባቂዎች ጨካኞች ስለ ነበሩ ነው ብለን አናስብም። የተነገራቸው ሥራ «ያልከፈለ አይውጣ» የሚል ስለ ነበረና ውስጥ ካሉት ሰዎች ጋር የሚያነጋግራቸው መሣሪያም ሆነ ልማድ ስላልነበራቸው ነው። «የማይመስልህን አታስገባ» እና «ያልከፈለ አይውጣ» የአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍሎች ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጥንት በቦስተን የደረሰው ነው። በኖቬምበር 28 ቀን 1942 ኮኮናት ግሮቭ በተባለው የምሽት ክበብ በተነሣው እሳት 492 ሰዎች ሞቱ። ዋናው ተሽከርካሪ በር በሰው ብዛት ተቀርቅሮ ቀረ፤ ከቀሩት መውጫዎች አንዳንዶቹ ተቆልፈው ነበር፣ አንዳንዶቹም ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ስለ ሆኑ ሕዝቡ ሲገፋ ጭራሹኑ ተዘጉ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ስለ መውጫ በር የወጣው ደንብ የተጠናከረው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛም አገር በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በታወጀበት ጊዜ፣ ማታ የገባ ሰው እስኪነጋ በሩ ተዘግቶበት ሲጨፍር ማደሩን አባቶቻችን እንደ ጨዋታ ያወሩልናል። ጨዋታው ያምራል፤ ያን ጊዜ እሳት ቢነሣ ምን ይደረግ እንደ ነበረ ግን ሲያወሩ ሰምተን አናውቅም።

እንግዲህ ሌላው ዓለም ምን አደረገ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። የእንግሊዝን እንውሰድ። ባውንሰር የሚለው ቃል ትርጉሙ አንሥቶ የሚያፈናጥር እንደ ማለት ነው፤ በዚያ አገር የሕጉ ቃል አሁን ይህን ስም ትቶ የበር ተቆጣጣሪ ይለዋል። በ2001 ስለ ግል ጥበቃ ሥራ አዋጅ ወጣ፤ በ2003 ደግሞ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ሠልጥኖ፣ ተፈትኖ፣ ያለፈ የወንጀል ታሪኩ ተመርምሮ ፈቃድ ካላገኘ መጠጥ ቤት በር ላይ ሊቆም አይችልም። ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ያገለግላል፤ በሥራ ላይ ሳለም በግልጥ በሚታይ ቦታ ማንጠልጠል አለበት። ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ያልተማረ ሰው ወደ ዋናው ሥልጠና አይገባም።

የሚማሩት ምንድን ነው? ብዙ ሰው ካራቴ ይመስለዋል። ከትምህርቱ ታላቁን ቦታ የያዘው ግን ጠብ ሳይነሣ የማብረድ ትምህርት ነው። ከተቆጣ ሰው ጋር ሲነጋገሩ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ርቆ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ዘወር ብሎ መቆም፤ እጅን ከፍቶ እንዲታይ ማድረግ፤ እሱ ድምፁን ሲያነሣ የራስን ዝቅ ማድረግ፤ በጓደኞቹ ፊት ሳያዋርዱ ወደ ጎን ጠርቶ ማነጋገር፤ «ውጣ» ከማለት ይልቅ ሁለት መንገድ አሳይቶ እሱ ራሱ አንዱን እንዲመርጥ መተው። የሰከረ ሰው በክርክር አይረታም፤ ክብሩን ሳያጣ የሚሄድበት ቀዳዳ ካገኘ ግን ብዙ ጊዜ ይሄዳል። መንካት የሚመጣው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ልክ አለው። በደረቱ ተደፍቶ ሰው የተጫነበት ሰው መተንፈስ ያቅተዋል፤ አየር ፍለጋ ሲንፈራገጥ የያዙት ሰዎች የሚታገል መስሏቸው ይበልጥ ይጫኑታል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ሊሞት ይችላል። ይህን የማያውቅ ጉልበተኛ ምንም ክፋት ሳያስብ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ያድራል። እኛ በየደጃፉ ያቆምናቸው ወጣቶች ይህን ማን ነገራቸው?

በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሻየር፣ በ2016 የተጀመረ አንድ ደግ ልማድም አለ። አብሯት ያለው ሰው ያስፈራት ሴት ወደ መጠጥ ቀጂው ቀርባ «አንጄላ አለች?» ብላ ትጠይቃለች። አንጄላ የምትባል ሰው የለችም፤ ቃሉ የጭንቅ ምልክት ነው። ሠራተኞቹ ነገሩን ሳያገንኑ ወደ ጓዳ ያስገቧታል፣ ታክሲ ይጠሩላታል፣ ካስፈለገም ሰውዬውን ያስወጣሉ። በዚያ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ለብቻዋ የመጣችን ሴት የሚያያት እንደሚጠብቃት እንግዳ ነው። በእኛ አገር በብዙ ደጃፍ የሚቀድማት ጥያቄ «ከማን ጋር ነሽ?» የሚለው ነው፤ አንዲት ተመራቂ ወይም አንዲት ነርስ ከሥራ በኋላ ዘፈን መስማት ብትፈልግ በቅድሚያ ጨዋነቷን ለበረኛ ማስረዳት ይኖርባታል።

ታዲያ የእንግሊዙን ትምህርት ገልብጠን እንዳለ እናምጣ ማለታችን አይደለም። የእኛ ቋንቋ የራሱ መክፈቻና የራሱ መዝጊያ አለው። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ለሁሉ ይሠራል፤ በአማርኛ ግን «አንተ» እና «እርስዎ» የሚባሉ ሁለት በሮች አሉ፤ በረኛው ገና አፉን ሲከፍት አንዱን ይመርጣል። ሥልጠናው ከዚህ መጀመር አለበት። «እንደምን አመሹ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብሎ የጀመረ ሰው ቀጥሎ «ዛሬ ቤቱ ሞልቷልና ጥቂት ይታገሡን» ቢል ይሰማል። ፍተሻም ቢሆን እንዲሁ ነው። «እጅህን አንሣ» እና «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለሁላችንም ደህንነት ነው» የሚሉት ሁለቱም የሚያደርሱት ወደ አንድ ኪስ ነው፤ ግን አንደኛው የተፈተሸውን ሰው ጠላት አድርጎ ያስገባዋል። ሴት በሴት ትፈተሽ፤ ሁሉም ሰው ይፈተሽ፣ ፈረንጁም ባለ ሥልጣኑም። ከሰው መካከል እየመረጡ መፈተሽ ስድብ ከመሆኑም በላይ መሣሪያ የያዘው ሰው በየትኛው በኩል ማለፍ እንዳለበት ያስተምረዋል።

በረኛው ሕግ አስከባሪ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል፤ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች ውስጥ ማጨስንም እንዲሁ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ መታወቂያ የሚጠይቀው፣ ሲጋራ የለኮሰውን ሰው ወደ ውጭ የሚጠራው ማን ነው? አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች በዚያ ሰዓት ተኝተዋል። ሥራው ለዚያ ሸሚዝ ለባሽ ወጣት ይቀርለታል። አዋጁን ያነበበለት ሰው ግን የለም፤ መታወቂያ መጠየቅን እንደ መናቅ የሚቆጥር እንግዳ ቢገጥመው እንዴት እንደሚመልስም አልተነገረውም።

የቤት ባለቤቶችን ባነጋገርን ጊዜ ሁለት መልስ ሰማን። አንዳንዶቹ «ፈገግ የሚል በረኛ ማን ይፈራዋል?» ይላሉ። የሚፈራ በረኛ ሊፈትነው የሚፈልግ ጎረምሳ ወደ ቤታቸው እንደሚጠራባቸው አላስተዋሉም፤ ትከሻ ትከሻን ይጋብዛልና። ሁለተኛው መልስ የበለጠ እውነት አለው። «አሠልጥነን ስናበቃ ጎረቤታችን ጥቂት ጨምሮ ይወስድብናል» ይላሉ። ይህ በእርግጥ የሚደርስ ነገር ነው። ለዚህም ነው ሥልጠናው በአንዱ ባለቤት ደግነት ላይ መንጠልጠል የሌለበት፤ ለሁሉም ግዴታ ከሆነ ማንም ከማንም አይሰርቅም። ስለ ደመወዙም ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር ሰው ኑሮው በእንግዳ ጉርሻ ላይ ብቻ ከቆመ፣ ጉርሻ የሰጠ ሁሉ የሚገባበት፣ ያልሰጠ ሁሉ የማይመስል የሚሆንበት በር ይከፈታል።

ይህን የምታነቡ ወጣት ሹማምንት፣ አንዳንዶቻችሁ በንግድ ፈቃድ፣ በቱሪዝም፣ በሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤቶች ወንበር ላይ ናችሁ። የምሽት ቤት ፈቃድ ሲታደስ ስለ መጸዳጃው፣ ስለ ወጥ ቤቱ፣ ስለ እሳት ማጥፊያው ትጠይቃላችሁ። በዚያው ወረቀት ላይ «በር ላይ የሚቆመው ሰው የት ሠለጠነ?» የሚል አንድ መስመር መጨመር ብዙ ቀለም አይፈጅም። የሁለት ሳምንት ትምህርት ይበቃዋል፤ ስፍራውም፣ እንግዳ መቀበልን የሚያስተምሩ መምህራንም አሉን። ስለ አያያዝ ልክ ፖሊስ፣ ስለ መጀመሪያ እርዳታ ቀይ መስቀል፣ ስለ መውጫ በር የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጥቂት ሰዓት ቢያስተምሩት ያንን ልጅ ሌላ ሰው ያደርጉታል።

ይህን ካልን ዘንድ የእኛንም ወገን ሳንነካ ማለፍ አይገባም። በር ላይ የሚነሣው ጠብ ሁሉ የበረኛው አይደለም። ሥራ ከያዘ ገና ስድስት ወር ያልሞላው ጸሐፊ መታወቂያ ሲጠየቅ «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ሲል ሰምተናል። በረኛው አያውቅም፤ ስለማያውቅም ነው መታወቂያውን የጠየቀው። ተማሪዎችም በቡድን ስትሄዱ ከመካከላችሁ አንዱ ከልክ በላይ ከጠጣ ወደ ቤቱ ማድረስ የእናንተ እንጂ የበሩ ሰው ዕዳ አይደለም።

ሐምሌ ላይ በአንድ ዝናባማ ሌሊት ወደ ፒያሳ ካለ ትንሽ ቡና ቤት ስንወጣ በሩ ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ሰውዬ ቆመው ነበር። ጥቁር ሸሚዝ የለም፤ ያረጀ ካፖርትና ጃንጥላ እንጂ። አንድ በጣም የሰከረ ሰው ባርኔጣዬን ረስቻለሁ፣ ተመልሼ ካልገባሁ እያለ ይታገላቸዋል። ሽማግሌው አልገፉትም። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን አደከመዎት፣ እኔ አመጣልዎታለሁ» ብለው ከመከዳው በታች ባለ ወንበር አስቀመጡት፣ ጃንጥላውንም በላዩ ያዙለት። በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ሰው ነበር። ባርኔጣው መጣ፤ ታክሲ ተጠራ፤ ሰውዬው «ተባረክ አባባ» እያለ ሄደ። ሽማግሌው ከካፖርታቸው ኪስ ትንሽ ደብተር አውጥተው የታክሲውን የታርጋ ቁጥር ጻፉ። የት ተማሩት ብለን ጠየቅናቸው። በወጣትነታቸው በአንድ ሆቴል የእንግዳ ሻንጣ ተቀባይ ሆነው ብዙ ዓመት ማገልገላቸውን ነገሩን። ደብተሩንም አሳዩን። ነጂው እንግዳውን ቤቱ አድርሶ ሲደውልላቸው በቁጥሩ አጠገብ ትንሽ ምልክት ያደርጋሉ። በዚያ ሌሊት ሰባት ቁጥሮች ተጽፈው ስድስቱ ምልክት ነበራቸው፤ ዝናቡ ቢበረታም ወደ ውስጥ ሳይገቡ የሰባተኛውን ስልክ ይጠብቁ ነበር።